ደረቱን የሚመታው አባወራ

(የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ላይ ለአስጎብኚዎች፣ ለስካውቶች (ለፓርኩ ጠባቂዎች) እና ለተማሪዎች ስለ ጎሪላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ጠይቃችሁኝ ስለነበር ብዙም ሳልነካካ አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን አረፈዳችሁ! ... ምነው ዝም? ብርዱ አፋችሁን ያዘው እንዴ? (ሳቅ) እንደገና፣ እንደምን አረፈዳችሁ? እህ! እንደሱ ነው።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሙያ ጓደኞቼ አስጎብኚዎች፣ ስካውቶች፣ በቅሎ ነጂዎች፣ ከኋላ ተደርድራችሁ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ጎሪላ እንድናገር ነው የተጠራሁት። ሲጀመር እኔ ተመራማሪ አይደለሁም። አስጎብኚ ነኝ፤ አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁኝ። ሩዋንዳ ለሥልጠና ሄጄ ከጎሪላ ጋር አንድ ሰዓት ተቀምጬ መጣሁ። አንድ ሰዓት ብቻ! ያ አንድ ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ያገኘሁትን ሳነብ፣ ያገኘሁትን ሰው ስጠይቅ ይኸው ዓመታት አለፉ። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳይምታታባችሁ።

ሦስት ነገር ልነግራችሁ አስቤያለሁ። አንደኛ ጎሪላ ምን በልቶ፣ የት አድሮ እንደሚኖር። ሁለተኛ ስለ አባወራው። ሦስተኛ ስለ ጎረቤቶቹ፣ ማለትም ስለ ሰዎቹ። ሁለተኛው ላይ እንደምቆይ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።

ግን ከየት ልጀምር? ከገብስ ማሳ ልጀምር።

ልጅ ሆኜ አባቴ ወንጭፍ አስይዞ ገብስ ያስጠብቀኝ ነበር። ከማን ነው የምጠብቀው? ከጭላዳ። ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም፣ እዚህ ካለነው ግማሻችን እዚያ ማሳ ዳር ነው ያደግነው። አንድ ጧት ጭላዳዎቹ ከገደሉ ብቅ ሲሉ ድንጋይ ወነጨፍኩ፤ አንዷን እናት አጠገብ አረፈ። ወዲያው ያ ባለ ጋማው ወንድ መጥቶ በእኔና በእሷ መሀል ቆመ። ቆመና የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ያንን ቀይ ድዱንና ጥርሱን አሳየኝ። ወንጭፌን ጥዬ እስከ ቤት ሮጥኩ። አባቴ ይቆጣኛል ስል ሳቀብኝ። «እሱ ሚስቶቹን ጠብቆ ቆመ፤ አንተ ገብሱን ጥለህ መጣህ። ታዲያ ማናችሁ ናችሁ ወንዱ?» አለኝ። (ሳቅ) ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

አማርኛችን ጭላዳ አለው፣ ዝንጀሮ አለው፣ ጦጣ አለው፣ ጉሬዛ አለው። ለጎሪላ ስም የለውም፤ እኛ ዘንድ ስለማይኖር። ሩዋንዳዎች «ኢንጋጊ» ይሉታል። ጎሪላ ዝንጀሮ አይደለም፣ ጭራም የለውም። በምዕራብ በኩል እነ ጋቦን፣ ካሜሩንና ኮንጎ ብራዛቪል ቆላ ደን ውስጥ የሚኖር አለ፤ በየአገሩ መካነ እንስሳት የምታዩት ያ የቆላው ነው። እኔ ያየሁት የተራራውን ነው። እሱ በዓለም ላይ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ አንዱ ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ዴሞክራቲክ ኮንጎ የሚገናኙበት የቪሩንጋ እሳተ ገሞራ ተራሮች፣ ሌላው ኡጋንዳ ውስጥ ቡዊንዲ የሚባለው ጫካና ከሱ ጋር የተያያዘው ነው። ስንት ነው ብትሉኝ፣ በ2018 እና በ2019 ይፋ በሆኑት ቆጠራዎች 604ቱ ቪሩንጋ፣ 459ኙ ቡዊንዲ፣ በድምሩ 1,063። በቃ። ይሄ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው። እናንተ ከኋላ ያላችሁት የክፍል ጓደኞቻችሁን ይዛችሁ ብትመጡ በቁጥር ትበልጧቸዋላችሁ።

እሺ፣ ወደ ጉዞው። ከኪጋሊ ሙሳንዜ የምትባል ከተማ ደርሰን አደርን። በማግስቱ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ኪኒጊ የሚባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተገኘን። ጎብኚ በስምንት በስምንት ይከፈላል፤ ለአንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን ስምንት ሰው፣ ለአንድ ሰዓት፣ ከዚያ በላይ የለም። ዋጋውን ልንገራችሁ? ለአንድ የውጭ አገር ሰው 1,500 ዶላር። ... አትዩኝ፣ እኔ ከኪሴ አልከፈልኩም! (ሳቅ) ሥልጠናው ነው የሸፈነው።

ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ምን ሆንኩ? ከቤቴ ጉንፋን ይዤ ሄጄ ኖሮ ሰልፉ ላይ ሳልኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አስጎብኚው መጣና በጣም በትሕትና «አንተ ዛሬ አትገባም» አለኝ። ለመንኩ። ሙያዬን ነገርኩት። «እኔም እንዳንተው አስጎብኚ ነኝ እኮ፣ ከኢትዮጵያ ነው የመጣሁት» አልኩት። ፈገግ ብሎ «እንግዲያው አንተማ ምክንያቱ ይገባሃል» አለኝ። ጓደኞቼ ወደ ተራራው ሲሄዱ እኔ እዚያው ሻይ ይዤ ቀረሁ። አኮረፍኩ፣ ለምን እዋሻለሁ? ግን ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጎሪላ ለኛ በሥጋ እጅግ ቅርብ ነው፤ የኛ ጉንፋን ይይዘዋል፣ እኛን ሦስት ቀን አስነጥሶ የሚለቀን ነገር እሱን ይገድለዋል። ስለዚህ ማስክ ታደርጋለህ፣ አሥር ሜትር ትርቃለህ፣ ከሳልክ ደግሞ ትቀራለህ። እስኪ አስጎብኚዎች፣ እውነት እንነጋገር። እኛ ከጭላዳው አጠገብ ቁጭ ብሎ ፎቶ ልነሣ የሚለውን ቱሪስት ስንቴ «ተመለስ» ብለነዋል? ጉርሻው እንዳይቀርብን ስንቴ ዝም ብለናል? እኔ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ድኜ ገባሁ። መጀመሪያ የድንችና የፓይሬትረም ማሳ ነው የምታቋርጡት፣ ያ የተባይ መድኃኒት የሚሠራበት ነጭ አበባ። ይሄ ማሳ ድሮ ጫካ ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው ከፓርኩ ላይ ትልቅ ቁራጭ ተቆርጦ ለአበባው የተሰጠው። ማሳው ካለቀ በኋላ የድንጋይ ካብ አለ። ካቡ ጎሽ ወደ ማሳ እንዳይወርድ ነው። ካቡን ተሻገራችሁ፣ ቀርከሃ። ከቀርከሃው በላይ ሳማ። ምን ዓይነት ሳማ! ሱሪ አልፎ የሚለበልብ።

ዱካ የሚከተሉት ሠራተኞች ጧት በጨለማ ቀድመው ገብተዋል። ትናንት ማታ ጎሪላዎቹ ካደሩበት ይነሣሉ። እያንዳንዱ ጎሪላ ሲመሽ ቅጠልና ቅርንጫፍ እያጠፈ ከሥሩ ጎዝጉዞ መኝታውን ራሱ ይሠራል፤ በየማታው አዲስ ነው፣ ትናንት የተኛበት ላይ አይመለስም። ልጅ ከእናቱ ጋር ይተኛል። ቆጠራውም የሚካሄደው በዚህ ነው፤ መኝታው ይቆጠራል፣ እዚያው ከቀረው ፋንድያ ናሙና ይወሰዳል። እንስሳውን ራሱን ሳታይ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ ማለት ነው።

እና ደረስን። ቦርሳና ከዘራ አስቀመጥን። አስጎብኚያችን ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው «እምም ... ህእምም» አለ። የሰላምታ ድምፅ ነው፣ ጎሪላዎቹ ራሳቸው ሲበሉና ደስ ሲላቸው የሚያሰሙት። ከቅጠሉ ውስጥ ያው ድምፅ መለሰልን። ፀጉሬ ቆመ። ምንም ነገር አልታየኝም፣ ግን «አለሁ» አለን እኮ!

መጀመሪያ ያየሁት አንዲት እናት ናት። ሳማ እየበላች። አሁን ይሄን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሳማ እንዴት ነው የሚበላው? የኛ እናቶች በጾም ሲያበስሉት እንኳን በጨርቅ ይዘው ነው የሚቆርጡት። እሷ ግንዱን ከሥር ያዘች፣ እጇን ወደ ላይ ስባ ቅጠሉን በሙሉ ገፈፈችው። የተገፈፈውን በእፍኟ ሰብስባ አጠፈችው፣ አንድ ለስላሳ ቅጠል ውጪ ሆኖ የሚለበልበው ሁሉ ውስጥ እንዲቀር አድርጋ። ከዚያ ጠቅልላ አጎረሰች፣ ለራሷ! (ሳቅ) ጉርሻ ነው በሉት። አጠገቧ የሁለት ዓመት የሚሆን ግልገል ፊቷ ሥር ተለጥፎ እጇን ያያል። ወድቃ የቀረች ቅጠል አንሥቶ ሊያጥፍ ሞከረ፣ ለበለበችው መሰል ጣላት።

ሳማ፣ ኮሸሽላ፣ የቀርከሃ ለጋ ቡቃያ፣ ቅርፊት፣ ሥር፣ አልፎ አልፎ ጉንዳን። ይሄ ነው ምግቡ። ሥጋ በል የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ውኃ እንኳን እምብዛም አይጠጣም፣ ከቅጠሉ ያገኘዋል። ጧት ይበላል፣ እኩለ ቀን ላይ ይጋደማል፣ ከሰዓት እንደገና ይበላል። ትልልቆቹ ሲጋደሙ የልጆቹ የጨዋታ ሰዓት ነው። እኛ የደረስነው ያን ጊዜ ነው።

አንድ ተረት አለን። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል» እንላለን። ሁሉም አንድ ነው ማለታችን ነው፤ እነዚያ ሰዎች ግን መራርጠዋል! እያንዳንዱን ጎሪላ በስሙ ነው የሚጠሩት። በምን ይለዩታል? በአፍንጫው። ከአፍንጫው በላይ ያለው ሽብሽብ እንደ ጣት አሻራ የእያንዳንዱ የራሱ ነው። አስጎብኚው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይሥለዋል። እኛ ዓመት ከዓመት የምንመላለስባቸውን ጭላዳዎች ስንቶቹን ለይተን እናውቃለን? እኔ አንድም።

አሁን ሁለተኛው ነጥብ፣ አባወራው።

አስጎብኚዎቹ ሲልቨርባክ ይሉታል። ወንዱ ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ ጀርባው ላይ ሽበት ያወጣል፣ ኮርቻ የተጫነበት ይመስላል። እኔ ባለ ሽበቱ ነው የምለው። ክብደቱ ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ኩንታል ጤፍ በሁለት እጁና በሁለት እግሩ ሲሄድ አስቡት! ታዲያ እንዴት ሆኖ አገኘሁት? በጀርባው ተንጋሎ። አንዱ ግልገል ሆዱ ላይ ይዘላል፣ ሌላው ጆሮውን ይስባል። እሱ ዓይኑን እንኳን አይገልጥም። እንደ ሰንበት ቀን አባት።

ደረቱን ሲመታስ? አየሁ፣ አዎ። ከተነሣ በኋላ፣ ሩቅ አንድ ነገር ሰምቶ ይሁን አላውቅም፣ ቆመና ፖክ-ፖክ-ፖክ-ፖክ አደረገው። ልጆች፣ እስኪ ጎሪላ ደረቱን እንዴት እንደሚመታ አሳዩኝ። ... ይኸው! ሁላችሁም ቡጢ ጨበጣችሁ። ፊልም ነው ያስተማራችሁ። ጎሪላ በቡጢ አይመታም። መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ነው፣ ከበሮ እንደሚመታ ዲያቆን። ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ምን ይላል? በ2021 የታተመ ጥናት ድምፁን ለክቶ ትልቅ ሰውነት ያለው ወንድ ድምፁ የበለጠ ወፍራም እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ የሰማው ሌላ ወንድ ሳይመጣ፣ ሳይገናኙ፣ ማን እንዳለ ልኩን ያውቃል። አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ እዚያው ያልቃል። እኛ የጠብ ምልክት የምንለው ነገር ጠብ እንዳይመጣ የሚደረግ ነው ማለት ነው። ያ የገብሱ ማሳ ጭላዳ ትዝ አላችሁ? እሱም እኮ አልነከሰኝም። ጥርሱን አሳይቶ ሸኘኝ።

ቅዱስ ነው እያልኳችሁ ግን አይደለም። ውጊያ ከመጣ ክፉኛ ይቧጨቃሉ፣ ይሞታሉም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ይሄ ነው፦ አባወራው ሲሞትና ሌላ ወንድ ሲመጣ፣ መጤው የሚጠቡትን ሕፃናት ሊገድል ይችላል። ሴቶቹ ለዚህ ነው ጠንካራ ወንድ የሚመርጡት፤ ካልጣማቸው ትተውት ወደ ሌላ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ ማንም አይከለክላቸውም። አባወራው ማለት እንግዲህ አጥር ነው። እሱ ከወደቀ ቤቱ ይፈርሳል።

የአንዱን ታሪክ ልንገራችሁ። ዳያን ፎሲ የምትባል አሜሪካዊት በ1967 ካሪሲምቢና ቢሶኬ በሚባሉ ሁለት ተራሮች መሀል ድንኳን ተክላ የሁለቱን ስም አጋጥማ ካሪሶኬ አለችው። ስለ እሷ ብዙ ይባላል፤ ለጎሪላው የሞተች ነበረች፣ ለአካባቢው ሰው ግን ክፉ ነበረች የሚሉም አሉ፣ እኔም ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ አምናለሁ። እና ፐክ የሚባል አንድ ጎሪላ ነበር፣ ወንድ ነው ብላ የመዘገበችው። በ1978 ፐክ ሆዬ ወለደ! (ሳቅ) ሴትዮዋ በእንግሊዝኛ «ካንት ቢ!»፣ ሊሆን አይችልም አለች፤ የሕፃኑ ስም ከዚያው ወጣና ካንትስቢ ተባለ። ያ ካንትስቢ አድጎ ከሃያ ዓመት በላይ ትልቅ ቤተሰብ መራ፤ በ2017 በ38 ዓመቱ ሞተ። ሽማግሌ ሆኖ፣ ሰው ሳይገድለው። ለጎሪላ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ካሪሶኬ የተሰበሰበውን የብዙ አሥር ዓመት መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች በ2021 አንድ ነገር አወጡ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ጡት ከጣለ በኋላ ከሆነ፣ እናት ካለው ይልቅ የመሞት ዕድሉ አይበልጥም አሉ። ለምን? ቤተሰቡ ይሰበስበዋል። ከሁሉ ይልቅ ማን? ባለ ሽበቱ። ሁለት ኩንታሉ! ማታ መኝታውን ሲሠራ ወላጅ አልባውን አጠገቡ ያስተኛዋል። እናት ያጣ ልጅ ከእናቱ ጋር ይተኛበት የነበረውን ሙቀት ከሱ ያገኛል። እናቶቼ፣ ለእናንተ ይሄ አዲስ አይደለም፤ እዚህ አካባቢ የሰው ልጅ ያላሳደገ ቤት የትኛው ነው?

መውለዱ ደግሞ ዝግ ያለ ነው። እናቲቱ ስምንት ወር ተኩል ታረግዛለች፣ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝን አንድ ልጅ ትወልዳለች፣ ከዚያ አራት ዓመት ገደማ ሌላ የለም። አሥር ዓመት ሳይሞላት አትጀምርም። የተወለደውም ሁሉ አያድግም። አንድ ጎልማሳ ሲሞት ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እናንተው አስሉት።

ሦስተኛው፣ ጎረቤት።

ወጥመድ ታውቃላችሁ። የሽቦ ወጥመድ። እዚያ የሚጠመደው ለድኩላና ለሚዳቋ ነው፣ ለጎሪላ አይደለም። የጎሪላ ልጅ ግን እጁን ያስገባል። ትልቁ ጎትቶ ያወጣዋል፣ ትንሹ ሽቦው እስከ አጥንት ይገባበታል። በ2012 አንድ ሕፃን እንዲህ ሞተ። ከጥቂት ቀን በኋላ ሩዌማና ዱኮሬ የሚባሉ የአራት ዓመት ገደማ ጎሪላዎች ሠራተኛው አንድ ወጥመድ ሊያነሣ ሲጠጋ ቀደሙት። አንዱ የተቀነበበው እንጨት ላይ ዘሎ ሰበረው፣ ሌላው ገመዱን አላቀቀ። ከዚያ ሄደው ሠራተኛው ያላየውን ሌላ አፈረሱ። የአራት ዓመት ልጆች! ማን አስተማራቸው?

በኮንጎ በኩል ያለው የቪሩንጋ ፓርክ ሌላ ነው። እዚያ የጫካውን ዛፍ አክስሎ የሚነግድ አለ፣ ታጣቂ አለ፣ ጦርነት አለ። በ2007 ሰንክዌክዌ የሚባለው ባለ ሽበት ከቤተሰቡ እናቶች ጋር በጥይት ተገደለ። ሥጋቸው አልተወሰደም፣ ቆዳቸው አልተወሰደም። ነገሩ ከከሰል ንግዱ ጋር የተያያዘ ነበር። የአገሩ ሰዎች ሬሳውን በእንጨት ቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፣ ስንት ሰው ሆነው! እኛ የታላቅ ሰው አስከሬን እንደምንሸከመው። በዚያው ዓመት ሁለት ወር የሆናት ንዳካሲ የሞተች እናቷ ላይ ተጣብቃ ተገኘች። አንድሬ ባውማ የሚባል የፓርኩ ሠራተኛ ያን ሌሊት ደረቱ ላይ አቅፏት አደረ። 14 ዓመት አሳደጋት። በ2021 በመስከረም ታማ ስትሞት ጭንቅላቷ እሱ ደረት ላይ ነበር።

ስካውቶች፣ እስኪ ቁሙ። አትፈሩ፣ ቁሙ። በዚያ በአንድ ፓርክ ብቻ ከ200 በላይ ጥበቃዎች በሥራ ላይ ተገድለዋል። እንደናንተው መሣሪያ ይዘው በብርድ የሚያድሩ፣ ልጆች ያሏቸው። ... አጨብጭቡላቸው እንጂ! (ጭብጨባ) እሺ፣ ተቀመጡ።

ስለ ሰዎቹ ስናገር አንድ የሚጎረብጠኝን ነገር ሳልናገር አልወርድም። ቡዊንዲ በ1991 ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን ባትዋ የሚባሉት፣ ከማንም በፊት ጫካው ውስጥ የነበሩት ሰዎች፣ እንዲወጡ ተደረገ። ብዙዎቹ መሬት አልባ ሆነው ቀሩ። ከነሱ አንዳንዶቹ ዛሬ ለቱሪስት ይጨፍራሉ፣ የገዛ ጫካቸው ዳር። እዚህ አዳራሽ ከፓርካችን ውስጥ፣ ከግጭ መንደር ተነሥታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁና አላብራራም። ሩዋንዳ ከትኬቱ አሥር በመቶውን ለፓርኩ ዙሪያ ሕዝብ ትሰጣለች፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይሠራበታል። ከ2005 ጀምሮ ደግሞ በየዓመቱ ለተወለዱት ግልገሎች በአደባባይ ስም ይወጣል፣ እንደ ክርስትና ድግስ ነው። ያንን ሳይ ቀናሁ። ቦርሳዬን የተሸከመልኝ ሰውዬ ድሮ ወጥመድ ያጠምድ እንደነበር ነገረኝ። «አሁንስ?» አልኩት። «አሁን አንተ መጣህ» አለኝ።

ይኸው ነው የያዝኩት። ጥያቄ ካለ ... አዎ፣ አንተ ልጅ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራብ። ምን አልክ? ድገመው፣ ይሰማ። ... «ጎሪላ ገብስ ይበላል ወይ?» (ሳቅ) አትሳቁ፣ ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፤ የዚህ ልጅ አባት ማሳው ፓርኩ ዳር ነው ማለት ነው።

ገብስ ሲበላ አልሰማሁም። ግን ካቡን ተሻግሮ ይወጣል። ኡጋንዳ ላይ የሙዝ ግንድ ሰንጥቆ ልቡን ይበላል፣ ገበሬው ያለቅሳል። ስለዚህ በየመንደሩ የተመረጡ ሰዎች አሉ፤ ጎሪላ ሲወጣ ተጠርተው ይመጣሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሳይወነጭፉ፣ ወደ ጫካው ይመልሱታል። ሩዋንዳ ላይ ደግሞ ምን ሊበላ እንደሚወጣ ታውቃለህ? የባሕር ዛፍ ልጣጭ። እውነቴን ነው! ጨው አለበት፣ ጫካው ውስጥ ያጣውን። ሁለት ኩንታሉ አባወራ ቤተሰቡን አስከትሎ ከሰው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ባሕር ዛፍ ይልጣል፤ የቤቱ ባለቤት ሴትዮ በር ላይ ቆማ ታየዋለች፣ እሱም ያያታል።